ልጆቻችን እንዲጽፉ ከፈለግን ርዕሱን እንልቀቅላቸው!

(ይህ ጽሑፍ በአዲስ አበባ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሥነ ጽሑፍ ክበብ ባዘጋጀው የዓመቱ መዝጊያ በዓል ላይ አንድ ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር ያደረጉት ንግግር ሙሉ ቃል ነው።)



«ተማሪዎች እንዲጽፉ እንዴት እናበረታታቸው?» በሚል ርዕስ እንድናገር የክበቡ ልጆች ሲጠይቁኝ እሺ ያልኩት ደስ ብሎኝ ነው። አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ልበል። «ማበረታታት» የምትባለዋ ቃል በአገራችን ብዙ ተበድላለች። አንድ ባለሥልጣን ዘግይቶ መጥቶ ንግግር ካደረገ፣ ሦስት ልጆች ሜዳሊያ ካጠለቁ፣ የቴሌቪዥን ካሜራም ይህንኑ ከቀረጸ «ወጣቶች ተበረታቱ» ተብሎ ዜና ይነገራል። በማግስቱ እነዚያ ልጆች የት ደረሱ ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። እኔ ዛሬ ላነሣላችሁ የፈለግሁት የማግስቱን ነገር ነው።

ከሠላሳ ዓመት በላይ ጠመኔ ይዤ አማርኛ አስተምሬአለሁ። በዚህ ሁሉ ዘመን «የዛሬ ልጆች አይጽፉም» ሲባል ያልሰማሁበት ዓመት የለም። ሐሰት ነው! የዛሬ ልጆች ሌሊቱን ሙሉ ይጽፋሉ። ቴሌግራም ላይ ይጽፋሉ፤ በደብተራቸው የመጨረሻ ገጽ ላይ ይጽፋሉ፤ የተቀመጡበት ዴስክ ላይ ሳይቀር ይጽፋሉ። የማይጽፉት እኛ «ጻፉ» ስንላቸው ነው። ለምን?

እኛ «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» እያልን ያደግን ሕዝብ ነን። ልጅ ሲናገር «አፍህን ዝጋ»፣ ሲጠይቅ «ምላሳም»፣ ሲጽፍ ደግሞ «ይልቅ ትምህርትህን አጥና» እንለዋለን። ዕድሜው 25 ሲሞላ ዞር ብለን «ይህ ወጣት ሐሳቡን መግለጽ አይችልም» ብለን እናማዋለን። እንዴት ነው ነገሩ? ሳያቦካ ያደገ ልጅ መቼ ጋግሮ ሊያበላን ነው?

ክብ የሚያጠቁር ትውልድ

ነገሩን ከሥሩ እንየው። አንድ ተማሪ 12 ዓመት ተምሮ ለብሔራዊ ፈተና ሲቀመጥ የሚጠየቀው ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ከሚሉት አንዱን እንዲመርጥ ነው። በእርሳስ ክብ ያጠቁራል፤ አሁን አሁን ደግሞ በኮምፒውተር ይጫናል። የራሱን ሐሳብ በአንድ አንቀጽ አስፍር የሚለው ማንም የለም። ፈተናው ያልጠየቀውን ነገር ተማሪው አያጠናም፤ መምህሩም ጊዜ ሰጥቶ አያስተምርም። ይሄ እኮ ፍርድ ሳይሆን ሒሳብ ነው።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ውጤት በጥር 2015 ዓ.ም. ሲነገር አገሩ ሁሉ ደነገጠ። ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ። ከመቶ 3.3 ማለት ነው! በየሬዲዮው ስለ ኩረጃ፣ ስለ መምህራን ብቃት፣ ስለ ፖሊሲ ክርክር ተደረገ። መልካም። እነዚህ ልጆች በ12 ዓመት ውስጥ የገዛ ራሳቸውን ሐሳብ ስንት ገጽ ጽፈዋል ብሎ የጠየቀ ግን እኔ አልሰማሁም። አንብቦ መረዳትና ጽፎ ማስረዳት የአንድ እንጀራ ሁለት ገጽ መሆናቸውን ረስተነዋል።

መምህሩን ብቻ እንዳትወቅሱት ደግሞ ሌላ ሒሳብ ልሥራላችሁ። አንድ የቋንቋ መምህር አምስት ክፍል ቢይዝና በየክፍሉ 60 ተማሪ ቢኖር 300 ልጆች አሉት። እያንዳንዱ አንድ ድርሰት ቢጽፍና መምህሩ ለአንዱ 10 ደቂቃ ብቻ ቢሰጥ 3,000 ደቂቃ፣ ማለትም 50 ሰዓት ይፈጅበታል። ማታ በጧፍ ቢያርም እንኳ አይወጣውም። ደመወዙ ከወር ወር ለማያደርሰው ሰው «ለምን በየሳምንቱ ድርሰት አላጻፍክም?» ብሎ መጠየቅ ማላገጥ ነው።

ስለዚህ ጽሕፈት ክፍል ውስጥ ቦታ ካጣች ከክፍል ውጪ ቦታ ልንሰጣት ይገባል። የክበብ ስብሰባው፣ የጠዋቱ ሰልፍ፣ ሚኒ ሚዲያው፣ የወላጆች በዓሉ፣ ውድድሩ፣ የሠፈር ጉባኤው ዋጋቸው እዚህ ላይ ነው። እነዚህ መድረኮች ከትምህርቱ የተረፉ ጨዋታዎች አይደሉም። ለብዙው ልጅ የቀሩት ብቸኛ የጽሕፈት ክፍሎች ናቸው።

የቅኔ ቤቱ ብልሃት

ይህ ነገር ለእኛ አዲስ አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪው ብቻውን ዛፍ ጥላ ሥር ወይም ወንዝ ዳር ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል። የቆጠረውን ይዞ መምህሩ ፊት ይቀርብና ይነግራል። መምህሩ ያዳምጠዋል፤ የተሰበረውን ያቃናለታል፤ ጓደኞቹም አብረው ይሰማሉ። በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና የጀመረው ልጅ ቀስ እያለ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ይደርሳል። የትናንቱን መድገም ነውር ነው፤ የሌላውን መውሰድማ ጭራሽ አይወራም።

እስቲ አስተውሉ። ልጁ ብቻውን የሚያስብበት ጊዜ አለው፤ ሰሚ አለው፤ አራሚ አለው፤ ነገም ተመልሶ የመምጣት ግዴታ አለበት። ሜዳሊያ የለም። ሪባን የለም። እንዲህም ሆኖ ያ ቤት ለስንት መቶ ዓመታት ባለቅኔ ሲያፈራ ኖሯል። በሩ ለሁሉም ክፍት እንዳልነበረ እኔም አውቃለሁ። እንደ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ያሉ ሴት የቅኔ መምህር ብርቅ ሆነው የተነገረላቸውም ለዚህ ነው። የእኛ ፋንታ ብልሃቱን ወስደን በሩን ለሁሉም መክፈት ነው።

ከአምቦ እስከ አራት ኪሎ

አንዳንዶቻችሁ «የተማሪ ሥራ ምን ያደርጋል?» ትሉ ይሆናል። ሁለት ምሳሌ ልስጣችሁ።

ጸጋዬ ገብረ መድኅንን የማያውቅ የለም። ይህ ሰው የመጀመሪያ ቲያትሩን የጻፈው አምቦ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ሳለ ነው። ስለ ንጉሥ ዲዮኒስዮስና ስለ ሁለት ወንድማማቾች የሚናገር ነበር፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በተገኙበትም ለመድረክ በቅቷል። አምቦ ላይ አንድ ሰው «አንተ ልጅ፣ ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ብሎት ቢሆን ኖሮስ? ያ ልጅ በኋላ በ29 ዓመቱ በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት አገኘ። የትልቁ ሽልማት መነሻ ያ የተማሪ ቤት መድረክ ነበር።

ሁለተኛው ምሳሌ የዚያ ዘመን የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች በየዓመቱ በኮሌጅ ቀን የሚያካሂዱት የግጥም ውድድር ነው። በ1953 ዓ.ም.፣ የታኅሣሡ መፈንቅለ መንግሥት በከሸፈ በወራት ውስጥ፣ ታምሩ ፈይሳ የተባለ ተማሪ «ደሃው ይናገራል» በሚል ግጥሙ አሸነፈ። አርእስቱን ልብ በሉልኝ! ስለ ዘውዱ ግርማ ጻፍ ተብሎ የታዘዘ ልጅ እንዲህ ያለ አርእስት አያወጣም። ያየውን ነው የጻፈው። በኋላ ግጥሞቹ እየከረሩ ሲመጡ ቁጣ ተከተለ፤ ቁጥጥር ተከተለ። ግን ምን ዋጋ አለው? አፍ የፈታ ትውልድ ተመልሶ ዲዳ አይሆንም። ያን ጊዜ በቅንነት ቢሰማ ኖሮ መንግሥቱ ስለ ድኻው የሚያውቀው ነገር በጨመረ ነበር።

ይህን የማነሣው የድሮ ፖለቲካ ለመቀስቀስ አይደለም። አንድ የተማሪዎች የግጥም ውድድር፣ ርዕሱ ለተወዳዳሪው ሲለቀቅ፣ አገር የሚሰማው ድምፅ እንደሚያወጣ ለማሳየት ነው።

«ከርዕሱ ወጥቷል»

አሁን ወደ ራሳችን ዘመን ልምጣ። በቅርቡ ለአንድ የተማሪዎች የድርሰት ውድድር ከሦስት ዳኞች አንዱ ሆኜ ተጠርቼ ነበር። አዘጋጁን አልጠራም፤ ስሙ አይጠቅማችሁም። ርዕሱ ከላይ የወረደ ነው፤ «ልማት ለከተማችን ያስገኘው ጥቅም» ይላል። መቶ ያህል ድርሰት ቀረበ። አንብቤ አንብቤ ዓይኔ ፈዘዘ። አብዛኞቹ በአንድ አፍ የተነገሩ ይመስላሉ። «ልማት ለአንድ አገር እጅግ አስፈላጊ ነው» ብለው ይጀምራሉ፤ «ስለሆነም ሁላችንም የበኩላችንን እንወጣ» ብለው ይጨርሳሉ። መሐሉን እናንተው ታውቁታላችሁ።

ከእነዚህ መሐል አንዲት የ10ኛ ክፍል ልጅ የጻፈችው ተገኘ። ልጅቷ የፒያሳ ልጅ ናት፤ ዶሮ ማነቂያ። ሠፈሩ በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ ቤተሰቧ ከከተማው ዳር ወዳለ ኮንዶሚኒየም ሄደ። ድርሰቷ ስድብ የለበትም፤ መፈክርም የለበትም። አዲሱ ቤት ውኃው ከነቧንቧው ቤት ውስጥ መግባቱ እንዳስደሰታት ጽፋለች። ቀጥላ አያቷ ማታ ማታ አልጋቸው ላይ ሆነው የድሮ ጎረቤቶቻቸውን ስም አንድ በአንድ እየጠሩ እንደሚቆጥሩ፣ ቡና ሲፈላ ማንን እንደሚጠሩ እንደሚጨንቃቸው፣ ዕድሩ ስለተበተነ «እኔን ማን ይቀብረኛል?» እንደሚሉ ትናገራለች። ያነበብኩበትን ወረቀት አስቀምጬ ዝም ብዬ ቀረሁ።

አንደኛው ዳኛ «ከርዕሱ ወጥቷል» አለ። ሁለተኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ነገ ማን አለፋችሁት ይለናል» አለ። ተከራከርኩ፤ ሁለት ለአንድ ተሸነፍኩ። አንደኛ የወጣው «ልማት ለአንድ አገር እጅግ አስፈላጊ ነው» ከሚሉት አንዱ ሆነ። ለልጅቷ አንድ ቃል አስተያየት እንኳ አልተላከላትም። በኋላ መምህርቷን ሳገኛት ልጅቷ ክበቡን እንደተወች ነገረችኝ።

ኧረ ለመሆኑ ያን ቀን ምን አስተማርን? የሚመስለውን የጻፈ ይሸለማል፤ ያየውን የጻፈ ይጣላል። ለመቶ ልጆች በአንድ ቀን ይህን አስተማርናቸው። እንዲህ ያለ ውድድር ከሚኖር ባይኖር ይሻላል። ለማስመሰል አሠልጥነን ሜዳሊያ እንሰጣለን እንዴ?

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ ነፃነት የሰጠው ለማንኛውም ሰው ነው። «ከ18 ዓመት በላይ ለሆነ» የሚል ገደብ የለበትም። ይኸው አንቀጽ የፕሬስን ነፃነት ሲደነግግ ቅድመ ምርመራን ይከለክላል። በየትምህርት ቤቱ ግን አንድ ልጅ ሰልፍ ላይ ግጥም ከማንበቡ በፊት ስንት ቢሮ እንደሚዞር እናንተው ታውቃላችሁ። ማረምና መቁረጥ ይለያያሉ፤ መምህር ያርማል፤ መቀስ የያዘ ይቆርጣል።

ደግሞ ሌላ ነገር መጥቷል። አሁን ድርሰት የሚጽፍ ማሽን በየልጁ ኪስ ውስጥ አለ። «የሰላም ጥቅም» ብላችሁ ብታዙት ስልኩ በአንድ ደቂቃ አሳምሮ ያዘጋጅላችኋል። እንዲህ ዓይነቱን ርዕስ ሰጥቶ «ልጆቹ ኮረጁ» ብሎ ማልቀስ የት ያደርሳል? የዚያችን ልጅ አያት የቡና ቁርስ ወግ ግን ስልኩ አያውቀውም። ያየችው እሷ ብቻ ናት። ርዕሱን ለልጁ መልቀቅ ዛሬ ከነፃነትም አልፎ የትምህርት ጥራት ጉዳይ ሆኗል።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

ወሬ ብቻ ይዤ አልመጣሁም። ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ደጅ ሳንጠና ልንሠራቸው የምንችላቸውን ጥቂት ነገሮች ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ ሰሚ እንስጣቸው። በሳምንት አንድ ቀን በምሳ ሰዓት 40 ደቂቃ ይበቃል። አምስት ልጆች አንድ አንድ ገጽ ያንብቡ፤ የቀሩት ይስሙ፤ «ይህ ገብቶኛል፣ ይህ አልገባኝም» ይበሉ። ከትምህርት በኋላ አታድርጉት። ከትምህርት በኋላ ሴት ልጆች ውኃ ለመቅዳት፣ እራት ለመሥራት፣ ታናናሾቻቸውን ለመያዝ ወደ ቤት ይሮጣሉ። «ሴቶች በክበቡ አይሳተፉም» እያልን ሪፖርት የምናደርገው ሰዓቱን እነሱ በማይችሉበት እየቀጠርን ነው። የግድግዳ ጋዜጣም የሚጠይቀው አንድ ነጭ ካርቶንና ጥቂት ስፒል ነው።

ሁለተኛ፣ ውድድር ስናዘጋጅ ርዕሱን ለተወዳዳሪው እንተውለት። መመሪያ መስጠት ካለብን «ያየኸውን፣ የሰማኸውን፣ ያጋጠመህን ጻፍ» ይበቃል። በየትኛው ቋንቋ ይጻፍ ለሚለው ልጁ ቤቱ በሚያልምበት ቋንቋ ይጻፍ። በኦሮምኛም፣ በትግርኛም፣ በሲዳምኛም ይሁን፤ የሚያነብ ዳኛ መፈለግ የአዘጋጁ ፋንታ ነው። የአማርኛ መምህር ሆኜ ይህን ስናገር ቅር የሚለው ካለ ቅር ይበለው። በእናቱ ቋንቋ መጻፍ የለመደ ልጅ በሁለተኛው ቋንቋም አይፈራም።

ሦስተኛ፣ ማንም ልጅ ባዶ እጁን አይመለስ። ያልተሸለመውም ቢሆን ሁለት መስመር አስተያየት ይጻፍለት። አንዱ መስመር ያማረውን ይንገረው፤ ሌላው መስተካከል ያለበትን። ከዚያ አስተካክሎ እንዲያመጣ ሁለተኛ ዙር ይሰጠው። ሽልማቱ ከሁለተኛው ዙር በኋላ ይሁን። የቅኔ ቤቱ ብልሃት ይኸው ነው። የገንዘቡንም ነገር ካነሣን ለዋንጫና ለባነር የሚወጣው ብር ለመጻሕፍት ይዋል። በአንዱ የባነር ዋጋ ለስንት ልጅ መጽሐፍ ይገዛ ነበር!

አራተኛ፣ ጽሕፈቱ ወደ ሠፈር ይውጣ። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» እንላለን፤ ግን በቃል የያዝነውን ሁሉ ይዘን ወደ መቃብር እየወረድን ነው። እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት አሮጊት ዘንድ ሄዶ የሕይወት ታሪካቸውን ይጻፍ። የተጻፈውም ዕድር ሲሰበሰብ፣ ማኅበር ሲጠጣ፣ የወላጆች ቀን ሲከበር ባለ ታሪኮቹ በተቀመጡበት ይነበብ። አያት የራሳቸውን ታሪክ ከልጅ አፍ ሲሰሙ ከዚያ ወዲያ «ልጅ ያቦካው» አይሉም። ዶሮ ማነቂያ ፈርሷል፤ ካሳንቺስም በ2017 ዓ.ም. ከፍተኛ ፈረሳ ደርሶበታል። ሕንፃውን የሚሠራው ይሥራ፤ የነበረውን ማን ነው የሚጽፈው?

ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በዘለቀው የሰሜኑ ጦርነት ያለፉ ልጆችም አሉ። ከዚያ ወዲህ በአማራና በኦሮሚያ ተኩስ እየሰሙ ያደጉ፣ ትምህርት ቤታቸው የተዘጋባቸው ልጆች አሉ። ስለ ጦርነቱ ጄኔራሉም፣ ፖለቲከኛውም፣ ዲያስፖራውም ተናግሯል። ልጆቹ ግን አልተጠየቁም። ነገ የዚህን ዘመን ታሪክ ማወቅ የሚሻ ሰው የማንን ጽሑፍ ያነብባል?

አምስተኛ፣ ታላላቆቹ ደራስያን ወደ ልጆቹ ይምጡ። የኢትዮጵያ ደራስያን ማኅበር ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ማኅበር ነው። ደራሲ በመጽሐፍ ምርቃት ላይ ብቻ የሚታይ ፍጡር መሆን የለበትም። በወር አንድ ቅዳሜ አንድ ደራሲ በአንድ ትምህርት ቤት ተገኝቶ የሰረዘውን፣ የቀደደውን፣ ሦስቴ የጻፈውን ረቂቅ ለልጆች ቢያሳይ ከአሥር ንግግር ይበልጣል። ልጆች መጽሐፍ ከሰማይ የሚወርድ ይመስላቸዋል፤ በላብ የሚመጣ መሆኑን ይዩ። የተማሪ ጉባኤም አዲስ አበባ ብቻ አይሁን። ደሴም፣ ጅማም፣ ደብረ ማርቆስም፣ ሀዋሳም ልጅ አለ። አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በ2014 ዓ.ም. ሲከፈት ሕንፃው ሲያምር እኔም ደስ ብሎኛል። ግን መደርደሪያው ላይ የሚቀመጠውን የነገ መጽሐፍ የሚጽፈው ዛሬ ዴስክ ላይ የሚሞነጫጭረው ልጅ ነው።

ለእናንተ ለተማሪዎቹ

አሁን ወደ እናንተ ልመለስ፣ ልጆቼ። ሽልማት ያገኛችሁም ያላገኛችሁም ስሙኝ። ውድድር በዓመት አንዴ ነው፤ ደብተራችሁ ግን በየቀኑ አለ። በቀን ግማሽ ገጽ ጻፉ። በታክሲ ሰልፍ ላይ የሰማችሁትን፣ እናታችሁ ከገበያ ተመልሳ ስለ ዘይትና ስለ ሽንኩርት ዋጋ ያለችውን፣ ዘበኛው ለምን እንደሳቀ ጻፉ። ትልቅ ትልቅ ቃል አትፈልጉ። የምታውቁት ቃል ያየችሁትን ነገር ለመናገር ይበቃል። አንድ ጓደኛ ያዙና አንብቡለት፤ ሲያዛጋ እዚያ ጋ ሰርዙ።

ድርሰታችሁ «ከርዕሱ ወጥቷል» ተብሎ ቢመለስባችሁም አትጣሉት። ቀን ጻፉበትና አስቀምጡት። አንዳንድ ጊዜ ከርዕሱ የወጣው ርዕሱ ራሱ ነው።

ወላጆችም አንዲት ነገር ብቻ ልለምናችሁ። ዛሬ ማታ ልጃችሁ የጻፈውን አንብብልኝ በሉት። አትረሙት፤ አትሳቁበት፤ «ይሄ ምን ይጠቅምሃል?» አትበሉት። ቴሌቪዥኑን ቀንሱና ዝም ብላችሁ ስሙት። ከየትኛውም ሜዳሊያ ይበልጣል።